በአነስተኛ ገንዘብ ለሞተር ሳይክል ነጂ መከላከያ ሲገዛ ምን ይቅደም?

የአጋሮ መንገደኛ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በጅማ ዙሪያ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ የምሠራ ሰው ነኝ። የክትባት መያዣውን አይስ ቦክስ ከሞተሬ ኋላ አስሬ ከከተማ እስከ አጋሮ ያለውን አስፋልት በጠዋት እነዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደየቀበሌው የሚያስገባው መንገድ በበጋ ጠጠርና አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ዝናብ ባረጠበው ጠጠር ላይ ፍጥነቴን ቀንሼ ስታጠፍ የፊት ጎማው ከዳኝና በግራ ጎኔ ወደቅሁ። መዳፌና ጉልበቴ ተላጠ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ማሰሪያው ከተበጠሰ የከረመው ሄልሜቴ ከራሴ ወልቆ እኔን ቀድሞ ቦይ ውስጥ መግባቱ ነው።

ባለቤቴ ደህና መከላከያ ሳልገዛ ወደ ገጠር እንዳልወጣ አስምላኛለች። ለዚህ ጉዳይ ያጠራቀምሁት 15,000 ብር ሲሆን፣ ሐሳቤ አዲስ አበባ መርካቶ ያየሁትን የ9,000 ብር የቆዳ ጃኬት ገዝቼ በቀረው ገንዘብ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ሄልሜቶች አንዱንና የግንባታ ሠራተኞች የሚያጠልቁትን ጓንት መጨመር ነው። ይህ አካሄድ ትክክል ነው ወይ? ሄልሜቶቹ ሁሉ ጀርባቸው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ስለተለጠፈባቸው ደህናውን ከማይረባው የምለይበት መንገድ ካለም ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ባለ ጋራዡ (ሀዋሳ)

እንኳን ተረፉ፣ ወንድሜ። ሃያ ዓመት ሞተር ስጠግንና ስነዳ የኖርሁ ሰው እንደመሆኔ አሳብዎን በግልጽ ልቃወም፦ ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል። ከ15,000 ብሩ ግማሹ ያህል ለሄልሜት ይዋል፤ ጃኬቱ ከሁሉ በኋላ ይምጣ፣ ገንዘቡ ካልበቃም ይቅር። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ እንደሚለው ሄልሜት ነጂው አደጋ ሲደርስበት የመሞት ዕድሉን በ42 በመቶ፣ ራሱ ላይ የመጎዳት ዕድሉን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። በዚህ ገንዘብ ከሚገዙት ዕቃዎች ውስጥ ይህን ያህል የሚያተርፍልዎ ሌላ የለም።

ብዙ ሰው ሄልሜትን በውጪው ቅርፊት ጥንካሬ ይመዝነዋል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከጨርቁ ሥር ያለው ጠንካራ ፎም ነው፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምናገኘውን ዓይነት ማለቴ ነው። ራስ መሬት ሲመታ ይህ ፎም እየተጨፈለቀ የምቱን ቆይታ በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ያረዝመዋል፤ በዚህም የተነሳ ወደ አንጎል የሚደርሰው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ሥሩ የሚገኘው ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ ከሆነ ወይም ፎሙ እንደ ጣት ጥፍር የሳሳ ከሆነ፣ የያዙት ዕቃ የትራፊክ ፖሊስን ከማሳለፍ በቀር ለምንም አይጠቅምም።

የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለገዢዎች በሚሰጠው ምክር ደረጃውን የሚያሟላ ሄልሜት 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ እንደሚመዝንና ፎሙ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዳለው፣ ለይስሙላ የሚሸጠው ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ እንደማይሞላ ይገልጻል። እናንተ አገር የቡና ሚዛን የሌለበት መንደር ስለሌለ ይህን መፈተን አያስቸግርዎትም። ከባድ የሆነ ሁሉ ደህና ነው ማለቴ አይደለም፤ እጅግ የቀለለውን ግን ያለ ክርክር ይተዉት።

ስለ ምልክቶቹ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። ጀርባው ላይ የሚለጠፈው የአሜሪካኖቹ «ዲኦቲ» ምልክት፣ አምራቹ ራሱ «ዕቃዬ ደረጃውን ያሟላል» ብሎ የሚለጥፈው እንጂ መንግሥት አስቀድሞ ፈትኖ የሚሰጠው አይደለም። ስለዚህ ተለጣፊው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ለብቻውም ይሸጣል። የአውሮፓው ምልክት ግን ብዙውን ጊዜ ማሰሪያው ላይ በተሰፋ ትንሽ ጨርቅ ይገኛል፦ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚለው የላቲን ፊደልና ያጸደቀው አገር ቁጥር (ለምሳሌ 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን)፣ ከሥሩም በ05 ወይም በ06 የሚጀምር ረጅም ቁጥር አለ። 06 አዲሱ ደረጃ ሲሆን፣ ሄልሜቱ በዝግታም በፍጥነትም ሲመታ እንዲሁም በግድም ሲመታ የሚያሳየውን ባሕርይ ጭምር ይፈትናል። ከህንድ በሚመጡት ላይ ደግሞ የ«አይኤስአይ» ምልክትና 4151 የሚለው የደረጃ ቁጥር ይፈለጋል፤ በእርስዎ በጀት ውስጥ የመግባት ዕድል ያለው በአብዛኛው ይህ ነው።

ዓይነቱ አገጭን ጭምር የሚሸፍን ይሁን። በጀርመን ሃኖቨር አካባቢ በደረሱ አደጋዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሄልሜት ላይ ከተመዘገቡት ምቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ያረፉት አገጭ አካባቢ ነበር። ግማሽ ራስ ብቻ የሚሸፍነው ለሙቀት ይመች ይሆናል፤ ጠጠር ላይ በፊቱ ለተደፋ ሰው ግን አይመችም።

ልክዎን ደግሞ በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብዎ አንድ ጣት ከፍ አድርገው ራስዎን ዙሪያውን ይለኩ። ሲያጠልቁት ጉንጭዎን መጫን አለበት፤ ግንባርዎ ላይ የሚወጋ ነጥብ ግን ሊኖር አይገባም። ሱቅ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጥልቀውት ይቆዩ፤ ባለ ሱቁ ቢያጉረመርም ቡና ይጋብዙት። ከዚያም ማሰሪያውን አጥብቀው ሌላ ሰው ከኋላ፣ ከማጅራትዎ በኩል ይዞ ወደ ፊት እንዲገፋው ያድርጉ። ከወለቀ ልክዎ አይደለም፤ የእርስዎም ሄልሜት ቦይ ውስጥ የገባው ማሰሪያው ሥራውን ስላልሠራ ነው።

ሲስተር (አዲስ አበባ)

የአጥንት ሕክምና ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። ባለ ጋራዡ ስለ ሄልሜት የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሰው ራሱን ከሸፈነ በኋላ እግሩን ይረሳል። እኛ ዘንድ ለወራት የሚተኙት ሞተረኞች አብዛኞቹ ከጉልበት በታች ያለው አጥንታቸው ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ የወጣባቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ቁስል በአፈርና በጭቃ ስለሚበከል ኢንፌክሽኑ ከስብራቱ የባሰ ሥቃይ ይሆናል። ሰንደል ጫማ አድርጎ ሲነዳ የእግር ጣቶቹን ያጣ ወጣትም፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ባቱን ያቃጠለውም በየጊዜው ይመጣል።

ደስ የሚለው ነገር እግርን ለመጠበቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በአውስትራሊያ ካንቤራ አካባቢ አደጋ የደረሰባቸውን 212 ነጂዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ እንደገለጹት፣ ለሞተር ተብሎ ያልተሠራ ተራ ቡትስ እንኳ ከሸራ ጫማ ጋር ሲነጻጸር የእግር ጉዳትን በግማሽ ገደማ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ ሶሉ የማይታጠፍ፣ ክሩ በደንብ የሚታሰር የወታደር ቡትስ ለእርስዎ ሥራ ይበቃል። ገመዱ ፍሬን ወይም ማርሽ መርገጫ ላይ እንዳይጠመጠም ጫፉን ወደ ውስጥ ይክተቱት።

በዚያው ጥናት ውስጥ አሳፋሪው ውጤት የጓንቶቹ ነበር፦ ነጂዎቹ ካጠለቋቸው ጓንቶች ሩብ ያህሉ ተቀዶ ወይም ስፌቱ ተተርትሮ ተገኝቷል፤ እነዚያ ደግሞ ለሞተር ተብለው የተሸጡ ነበሩ። ሰው ሲወድቅ ሳያስበው መዳፉን ይዘረጋልና እርስዎም መዳፍዎ የተላጠው በዚህ ምክንያት ነው። የግንባታ ጓንት መዳፉ ላይ የሚቀባው ጎማ አስፋልት ሲነካ ይላጣል፣ አንጓዎ ላይም ስለማይታሰር ገና እንደወደቁ ይወልቃል። የበያጅ ጓንት ይሻላል የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ግን ወፍራም ስለሆነ ፍሪሲዮንና ፍሬን የሚይዘው ጣት ስሜቱን ያጣል፤ አደጋን የሚያመጣ መከላከያ ደግሞ አይመከርም።

ቆዳ ሰፊው (አዲስ አበባ)

የቆዳ ልብስ ሠርቼ የምሸጥ ሰው ሆኜ «ጃኬቱን አይግዙ» ማለቴ ገበያዬን መዝጋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ እውነቱ ይህ ነው። መርካቶ ያዩት ጃኬት በብዛት የሚሠራው ከበግ ቆዳ ነው። የአገራችን የበግ ቆዳ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ የውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች ሳይቀሩ የሚፈልጉት ነው፤ ነገር ግን ለፋሽን ጃኬት ሲዘጋጅ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች፣ ብዙ ጊዜም ከ0.6 እስከ 0.8 ይደርሳል። ለሞተር ተብሎ የሚሠራ የቆዳ ልብስ ግን ከ1.1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የበሬ ወይም የላም ቆዳ ይፈልጋል።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ፍጥነት የወደቀ ሰው አስፋልት ላይ ሁለት ሰከንድ ያህል ሊንሸራተት ይችላል። ተራ ጂንስ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላው ያልቃል፤ ቀጭኑ የበግ ቆዳም ብዙ አይበልጠውም። ቆዳው ቢቋቋም እንኳ ስፌቱ ይተረተራል፤ ምክንያቱም ፋሽን ጃኬት በአንድ ረድፍ ስፌት ይያያዛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ላብና ዝናብ በሚያበሰብሰው የጥጥ ክር ይሰፋል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎ። ከሳልባጅ ገበያ ወፍራም የጂንስ ወይም የሸራ ጃኬትና ሱሪ ይምረጡ፤ እጥፍ ጨርቅ ያለው ካገኙ ይበልጥ መልካም ነው። ከዚያም ለጫማ ፊት የሚያገለግለውን የላም ቆዳ ክርንዎ፣ ትከሻዎ፣ ዳሌዎና ጉልበትዎ ላይ በፖሊስተር ክር፣ በሁለት ረድፍ ያስለብጡት። ስፌቱ በቀጥታ መሬት የሚነካበት ጫፍ ላይ እንዳይውል ቆዳውን ሰፋ አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። የቆዳ ቁራጭ በኪሎ ስለሚሸጥ ወጪው ትንሽ ነው። ለጓንት ደግሞ የፍየል ቆዳ ይመረጣል፤ ውፍረቱ ትንሽ ሆኖ በቀላሉ አይቀደድም፤ የባቲ ፍየል ቆዳ ስሙ የገነነውም በከንቱ አይደለም። መዳፉ በእጥፍ ይሁን፣ አንጓውም ላይ ማሰሪያ ይኑረው።

ከፍራንክፈርት

የምኖረው ጀርመን ነው፤ እዚህ በየዕለቱ በሞተር ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ቆዳ ሰፊው ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቆዳና ወፍራም ጨርቅ የሚከላከሉት ከመላላጥ ነው፤ አጥንትን ከምት የሚከላከለው ጉልበት፣ ክርንና ትከሻ ላይ የሚገባው መከላከያ ንጣፍ ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህ ንጣፍ 1621-1 በሚል ደረጃ ይፈተናል፤ ደረጃ 1 የተባለው ሲመታ በአማካይ ከ35 ኪሎ ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) በላይ የምት ኃይል እንዳያሳልፍ፣ ደረጃ 2 ደግሞ ከ20 እንዳይበልጥ ይጠበቅበታል። የሚሸጠውም ለብቻው ሲሆን፣ ጃኬቱን ሙሉ ከማስመጣት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይይዝም። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው የሚያስልከው ዕቃ ይህ ሊሆን ይገባል። በርካሽ ጃኬቶች ጀርባ ውስጥ የሚገኘው ለስላሳ ስፖንጅ ግን ቅርጽ ለመስጠት የገባ ስለሆነ እንደ መከላከያ አይቁጠሩት።

ንጣፉ የሚገባበትን ኪስ የሚሰፋው ሰው ሱሪውን ለብሰው ሞተሩ ላይ ተቀምጠው ልክዎን ይውሰድ። ቆመው የተለካ ኪስ ሲቀመጡ ወደ ላይ ይሸሽና ንጣፉ ጭንዎ ላይ ያርፋል፤ እኔ የመጀመሪያውን ሱሪዬን ያበላሸሁት እንዲህ ነው።

ሰው ስለ አንጸባራቂ ሰደርያ አለማንሳቱ ገርሞኛል። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ተካሂዶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ በለበሱ ነጂዎች ላይ የአደጋው ዕድል በ37 በመቶ፣ ነጭ ሄልሜት ባጠለቁት ላይ ደግሞ ጥቁር ካጠለቁት ጋር ሲነጻጸር በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ይህ ነው።

በመጨረሻም፣ ምድር ቤት ያስቀመጥሁት አሮጌ ሄልሜት አለኝ። ጥሩ ስም ካለው ፋብሪካ የወጣ ስለሆነ በሚቀጥለው ወር ከምትመጣው እህቴ ጋር ከአንድ ጥንድ የጉልበት ንጣፍ ጋር ልልክልዎ እችላለሁ።

ባለ ጋራዡ (ሀዋሳ)

የፍራንክፈርቱ ወንድማችን ቸርነት የሚያስመሰግን ነው፤ ንጣፉ ይምጣ፣ ሄልሜቱ ግን ይቅር። ፎሙ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ተመልሶ አይነሳም፤ ውጪው ሳይሰነጠቅ ውስጡ የሞተ ሄልሜት ስንት አይቻለሁ! ያልወደቀም ቢሆን ላብ፣ የፀጉር ቅባትና ሙቀት ያደክሙታል፤ አምራቾቹም ብዙውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በኋላ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ከውስጡ ጨርቅ ሥር የተመረተበት ወርና ዓመት ተጽፎ ይገኛልና እባክዎ ይመልከቱት።

ከፍራንክፈርት

ተመለከትሁ፤ 2014 ይላል። እርማትዎን ተቀብያለሁ። በምትኩ ከጉልበቱ ጋር የክርን ንጣፍ እጨምራለሁ።

የአጋሮ መንገደኛ (ጅማ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጃኬቱን ትቼዋለሁ። በምክራችሁ መሠረት ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አገጭ የሚሸፍን፣ የህንዱ ምልክትና ቁጥር ያለበት ነጭ ሄልሜት በ7,000 ብር ገዛሁ። የራሴ ዙሪያ 58 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ሱቅ ያቀረበልኝ ከኋላ ሲገፉት ወለቀ፣ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ግን ጉንጬን ይዞ አልነቃነቅም አለ። የቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው 1.35 ኪሎ መዘነ፤ ባለ ሚዛኑም ኪሎውን በስንት እንደምሸጥለት ጠየቀኝ።

ከዚያ ውጪ ለወታደር ቡትስ 2,800፣ ለፍየል ቆዳ ጓንት 1,500፣ ለሳልባጅ ጂንስ ሱሪ 1,000፣ ለልብስ ሰፊው ከነቆዳው 700፣ ለሰደርያው 400 ብር መድቤያለሁ። የጉልበቱ ንጣፍ እስኪደርስ ድረስ ልብስ ሰፊው ኪሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሞተሩ ላይ ተቀምጬ እንዲለካኝ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ ግን ምክንያቱን ተረዳ።

የቀረኝ 1,600 ብር ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ሄልሜቱን በምን ላጽዳው? ደግሞም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ከኋላዬ አፈናጥጣለሁ፤ በቀረው ገንዘብ ለክረምቱ የዝናብ ልብስ ልግዛ ወይስ ለእርሱ ሄልሜት?

ባለ ጋራዡ (ሀዋሳ)

ጽዳቱን በለብ ያለ ውኃና በሳሙና ብቻ ያድርጉት። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ፎሙን ያሟሙታል፤ ቅርፊቱንም ሳይታወቅ ያሰነጥቁታል፤ ጋራዥ ውስጥ የምናስለቅቀው ቅባት ሁሉ በቤንዚን ይለቅ የሚመስለን እኛ መካኒኮች ይህን ስህተት ከማንም በላይ እንሠራለን። ሲያቆሙም የጎን መስታወቱ ላይ አይስቀሉት፤ የመስታወቱ ጫፍ ፎሙን ይሰረጉደዋል። የፊቱ መስታወት ሲጫጫር የመለወጫ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሳይዘገዩ ይለውጡት፤ ማታ በተጫጫረ መስታወት ውስጥ የሚመጣው የመኪና መብራት ዓይንን ያሳውራል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ዝናብ ያረጠበው ሰው እሳት ዳር ቁጭ ቢል ይደርቃል። የአፈናጠጡት ሰው አወዳደቅ ደግሞ ከእርስዎ የከፋ ነው፤ የሚይዘው መሪ የለውም፣ መንገዱንም ከትከሻዎ በላይ አሻግሮ አያይም። በ1,600 ብር ደህና ሄልሜት ስለማያገኙ ሰውየው ራሱ ጥቂት እንዲጨምር ይንገሩት፤ ልኩንም እርሱ ራሱ ሱቅ ሄዶ ይሞክረው እንጂ በእርስዎ ራስ ለክተው እንዳይገዙለት።